ለውሾች የተሰጠች ሰዓት

ውሻ አልወድም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከዚህ በታች የምጽፈው ነገር ለውሻ ከማዘን የመጣ እንዳይመስል ነው። ነርስ ነኝ። በውሻ የተነከሰ ሰው ሲመጣ ቁስሉን በሳሙና የማጥበው፣ መርፌውን የምወጋው፣ ‹‹ውሻው የማን ነው? ተከትቧል?›› ብዬ የምጠይቀው እኔ ነኝ። መልሱ ብዙ ጊዜ ‹‹ማን ያውቃል!›› ነው። ስለዚህ ውሻ ከሩቅ ካየሁ እስከ ዛሬ መንገድ እቀይራለሁ። ጎረቤቶቼም ‹‹ሲስተር እየመጣች ነው፣ ውሻውን ተዉትና እሷን ያዟት›› እያሉ ይስቁብኛል።

አሰላ የመጣሁት ከጎጃም ተመድቤ ነው። ትንሽ ሠርቼ ወደ አገሬ እመለሳለሁ ብዬ ነበር፤ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው ሆነና ቀረሁ። እዚሁ አገባሁ፣ እዚሁ ወለድኩ። ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ብርድ አሁንም አጥንቴን ይፈልገዋል፤ ኦሮምኛዬም ገበያ ላይ በድንች ዋጋ ለመከራከር ይበቃል እንጂ ከዚያ ብዙም አያልፍም። ቤታችን ከከተማው በታች፣ ወደ ወንዙ በሚወርደው መንገድ ላይ ነው። ከኛ አጥር ቀጥሎ ያለው ግቢ የአንድ ሽማግሌ ነው። ሰዉ ሁሉ ሃጂ ይላቸዋል፣ እኔ አባባ እላቸዋለሁ።

አባባ ውሻ አላቸው። ዱሮ ወንዙ ዳር ድንችና ባቄላ የሚያለሙበት መሬት ነበራቸው፤ ውሻው የዚያ እርሻ ጠባቂ ነበር። ከተማው እየሰፋ መጥቶ መሬቱ ላይ ቤት ተሠራበት። እርሻው ሄደ፣ ጠባቂው ቀረ። በእሳቸው ሃይማኖት ውሻ ለጥበቃ ይያዛል እንጂ አይዳሰስም። እርጥብ ውሻ ልብስ ከነካ ያ ልብስ አንዱን በአፈር፣ በጠቅላላው ሰባት ጊዜ ሳይታጠብ አይሰገድበትም። እኔ ይህን መጀመሪያ ስሰማ እንደ ነርስነቴ በጣም ወድጄው ነበር፤ እኛም ጤና ጣቢያ የምንለው ከዚህ ብዙ አይርቅም። ውሻውም ነገሩን ማን እንዳስተማረው እንጃ፣ ያውቀዋል። ወደ አባባ አይጠጋም። ሲቀመጡ ራቅ ብሎ ይተኛል፣ ሲነሱ ራቅ ብሎ ይነሳል። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እጃቸው ጀርባው ላይ አርፎ አያውቅም፤ ቢሆንም እንደ እነሱ የሚተዋወቁ ሁለት ፍጥረታት አይቼ አላውቅም።

የአባባ ዓይን መድከም የጀመረው እርሻው ከሄደ በኋላ ነው። እኛ ሞራ ነው ብለን ተስፋ አድርገን ነበር፤ ሞራ ቢሆን ይገፈፋል። አዲስ አበባ ወስደው ሲያስመረምሯቸው ግን የዓይን ግፊት ሆነ። የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን እንጠብቅ ተባሉ። የቀራቸው ብርሃንን ከጥላ መለየት ያህል ነው። አንድ ጋሪ ነጂ ጎረቤታችን ከበግ አንገት የፈታውን ቃጭል ውሻው አንገት ላይ አሰረላቸው፤ ከዚያ በኋላ መንገዳቸው ተገኘ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ የከሰዓቱን ሶላት፣ አስርን፣ መስጊድ ይሰግዳሉ። ሲወጡ ውሻው ከበሩ ማዶ ይጠብቃቸዋል። ከዚያ ወደ ወንዙ ይወርዳሉ፤ ውሻው ከፊት፣ እሳቸው ከኋላ፣ ቃጭሉን እየሰሙ። ጉድጓድ ያለበት ቦታ ሲደርስ ውሻው ይዞራል፣ እሳቸውም ይዞራሉ። ባጃጅ ሲመጣ ይቆማል፣ እሳቸውም ይቆማሉ። ወንዙ ዳር ሲደርሱ ውሻው ውሃ ውስጥ ይገባና ይንቦጫረቃል፤ አባባ ድምፁን ሰምተው ከዚያ ራቅ ብለው ሣሩ ላይ ይቀመጣሉ። ሲወጣ ደግሞ ውሃውን የሚያራግፈው ማዶ ሄዶ ነው። ፀሐይ ጠልቃ የሚሰገደው የመግሪብ ሶላት ሊደርስ ሲል ተነስተው በዚያው አኳኋን ወደ መስጊዳቸው ይመለሳሉ።

እኔ ከሥራ ስመለስ መንገዴ በዚያ ነው። ብዙ ጊዜ እዚያው ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ። ኮቴዬን ያውቁታል። ‹‹ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ዛሬም አልነከሰሽም?›› ይሉኛል።

‹‹ሰዓቱ ገና ነው አባባ›› እላቸዋለሁ።

አንድ ቀን፣ ደፍሬ፣ ‹‹እዚህ ሲመጡ የሚታይዎት ነገር አለ?›› ብዬ ጠየቅኳቸው። ፊታቸውን ውሻው ወደሚንቦጫረቅበት አዞሩ። ያስቀየምኳቸው መስሎኝ ደነገጥኩ።

‹‹ምንም አላይም›› አሉ። ‹‹ቤት ውስጥ ውሃ ሲጠማኝ ሰው ይነሳልኛል። ጫማዬን ሰው ያቀርብልኛል። መስጊድ ስገባ ሰው እጄን ይይዘኛል። አላህ ይስጣቸው። እዚህ ግን ራሴ ነኝ የምመጣው። ማንም አላመጣኝም።››

ከዚያ ቀን በኋላ ያንን ውሻ ስፈራው እንኳ እያከበርኩት ሆነ።

ወንዙ ዳር የዚያን ጊዜ የሁሉም ነበር። ጠዋት ጠዋት ሴቶች ልብስ ያጥቡና ሣሩ ላይ ያሰጣሉ። ጋሪ ነጂዎች ፈረሳቸውን ያጠጣሉ። የሳጉሬ ገበያ ደርሰው የሚመለሱ ሰዎች ፊታቸውን ተለቃልቀው፣ ሙስሊሞቹም ለሶላት ታጥበው፣ ውዱ አድርገው ያርፋሉ። ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት የሚውል የግቢ ውሻ ሁሉ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ባለቤቱ እዚያ አምጥቶ ይፈታዋል። ውሻ ቀን ታስሮ ማታ የሚፈታበት አገር ነው የኛ፤ በጠራራ ፀሐይ የሚሮጥበት ቦታ ያ ብቻ ነበር። እኔ በዚያ በኩል ሳልፍ ቦርሳዬን ፊቴ ይዤ፣ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ እያልኩ ነው።

ታዲያ አንድ ሰሞን አንዲት ሴት ልብስ ስታጥብ የተለቀቀ ውሻ ባቷን ነከሳት። ያከምኳት እኔ ነኝ፤ መርፌዋን ጨርሳ ዳነች። መንደሩ ግን አልዳነም። ‹‹ውሻ ይጥፋ›› የሚል በዛ። ‹‹መርዝ እናድርግ›› ያለም ነበር። በዚያው ጊዜ የመንደሩ ኮሚቴ ወንዙ ዳር አጥር አጥሮ ችግኝ ሊተክል፣ አግዳሚ ወንበር ሊያቆም አስቦ ስለነበር ሁለቱ ጉዳይ ተደርቦ በእድር አዳራሻችን ስብሰባ ተጠራ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። አባባን ፊት ለፊት ወንበር ሰጥተው አስቀምጠዋቸዋል። ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ቤተክርስቲያን ሳሚ፣ ለሰው አክብሮት የሚያውቁ፣ ሲናገሩ እንኳ ድምፃቸው ሰው እንዳይረብሽ የሚጠነቀቁ ሰው። እኔን ስለ ክትባት እንድናገር ጋበዙኝ፣ ተናገርኩ። ውሾቹ በሙሉ ይከተቡ አልኩ፤ መርዝ የሚባለውን ነገር ግን ከብትም ይበላዋል፣ ልጅም ያነሳዋል ብዬ ቆጣ አልኩ። ሰዉም ተቀበለ። የቀረው ክርክር ውሻ ወደ ወንዙ ይግባ ወይስ አይግባ የሚል ነበር።

ባለ ውሾቹ ‹‹ታዲያ የት እንፍታው? ታስሮ የሚውል ውሻ ያብዳል እኮ›› አሉ። ሌሎቹ ‹‹በገመድ ይዘኸው ግባ›› አሉ። ጩኸቱ ሲበረታ ሰብሳቢው ተነሱ።

‹‹እኔ አንድ ሐሳብ አለኝ›› አሉ። ‹‹ጠዋት እናቶች ያጥባሉ። ከሰዓት በኋላ ሙስሊም ወንድሞቻችን በዚያ ያርፋሉ፤ የተፈታ ውሻ ልብሳቸውን ቢነካ ሶላታቸው ይበላሻል። ይህ ደግሞ ለኛም ሊከብደን ይገባል። ስለዚህ ቀን ውሻ በገመድ ካልሆነ አይግባ። ለመግሪብ መስጊድ ሲገቡ ግን ዳሩ ባዶ ነው። ውሾቹ ያን ጊዜ ይፈቱ። የማንም ልብስ ሳይነካ፣ የማንም ሶላት ሳይበላሽ ይሮጡ።››

አዳራሹ አጨበጨበ። አንድ እህል ነጋዴ ሙስሊም ጎረቤታችን ተነስተው፣ ‹‹ወላሂ፣ እኛ እንኳ ያላሰብነውን አሰባችሁልን›› ብለው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። የኔም ዓይን እንባ አቀረረ፤ አልዋሽም። በዚህ በምንሰማው ሁሉ ነገር መሐል ሰው ስለ ጎረቤቱ ሶላት ሲጨነቅ ማየት ቀላል አይደለም። እኔም አጨበጨብኩ።

እያጨበጨብኩ አባባን አየሁ። እሳቸውም ያጨበጭባሉ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። በመንደሩ ውስጥ ውሻ ይዞ ወደ ወንዙ የሚወርድ ሙስሊም ሽማግሌ እሳቸው ብቻ ናቸው። ለሙስሊሞች ተብላ ለውሾች የተሰጠችው ሰዓት እሳቸው መስጊድ የሚገቡባት ሰዓት ናት። ከመስጊድ ሲወጡ ደግሞ ጨልሟል፤ ያቺ የቀረቻቸው ጭላንጭልም የለችም። በገመድ ይያዙት እንዳይባል፣ ገመድ ማለት እርጥቡን ውሻ ወደ ልብሳቸው ማስጠጋት ነው። ለክብራቸው ተብሎ በሩ ተዘጋባቸው፤ የዘጋውም ሰው አላወቀም።

ልናገር ተነሳሁ። ሰብሳቢው ግን ቀደሙኝ፤ ‹‹እንግዲህ አባባ ይመርቁንና እንለያይ›› አሉ።

እኛ ጋ ስብሰባ የሚዘጋው በምርቃት ነው። ሽማግሌ የመረቀበት ነገር ደግሞ አለቀ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ‹‹እንደገና እንየው›› የሚል ሰው ምርቃቱን እንደረገጠ ይቆጠራል። ‹‹አንዴ ይቆዩኝ›› ለማለት አፌን ስከፍት አባባ ተነስተው መዳፋቸውን ዘርግተዋል። ሰዉም ሁሉ ተነስቶ ዘርግቷል። እኔም ዘረጋሁ፤ ምን ላድርግ?

‹‹ያሰባችሁትን አላህ ይሙላላችሁ›› አሉ።

‹‹አሚን! አሜን!›› አልን።

‹‹ወንዛችሁ አይንጠፍ። ልጆቻችሁ በዳሩ በሰላም ይጫወቱ። እኛን እንዳከበራችሁ አላህ ያክብራችሁ። ፍቅራችሁን አይንሳችሁ።›› ቀጥለው በኦሮምኛ መረቁ፤ ሁሉንም አልሰማሁትም። ድምፃቸው ግን አልተንቀጠቀጠም። ቢንቀጠቀጥ ኖሮ ምናልባት አንድ ሰው ያስተውል ነበር።

ሲወጡ ክንዳቸውን ይዤ ወደ ቤት ሸኘኋቸው። ብዙ አልታገስኩም።

‹‹አባባ፣ ለምን ዝም አሉ? ያ ሰዓት እርስዎ መስጊድ ነዎት እኮ!››

‹‹አውቃለሁ።››

‹‹አሁን ተመልሼ ልንገራቸው።››

‹‹ተይ።›› ቆሙ። ‹‹ስለ ሶላቴ ብለው ነው። ሰው አክብሮኝ ከወንበሩ ሲነሳልኝ፣ ወንበርህ ይቆረቁራል እለዋለሁ?››

‹‹ቢቆረቁርስ!››

‹‹ልጄ፣ መርቄያለሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።››

ተናደድኩ። በእሳቸው አይደለም፣ በዚህ ይሉኝታ በሚባል ነገር ነው። በጎጃምም አውቀዋለሁ፣ በአርሲም አገኘሁት፤ ሃይማኖትም ቋንቋም አይለየውም። ሰው ሞቶ እንኳ ቀባሪዎቹ እንዳይደክሙ የሚጨነቅበት አገር ነው። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ድስቱን ሁሉ እያንኳኳሁ ስሠራ ባለቤቴ ‹‹ማን ነክሶሽ ነው?›› አለኝ።

ከዚያ በኋላ ውሻው በአስር ሶላት ጊዜ ግቢ ውስጥ መታሰር ጀመረ፤ ካልታሰረ ብቻውን ወደ መስጊዱ በር ይሄዳል። ሲያላዝን በአጥሩ በኩል ይሰማኛል። አባባ አስርን ከሰገዱ በኋላ አንድ ሰው እጃቸውን ይዞ ያመጣቸዋል፣ ከደጃቸው አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ፣ እስከ መግሪብ እዚያው ናቸው። ስመጣ ‹‹አልነከሰሽም?›› ማለታቸውን ተዉ። ‹‹ደህና ዋልሽ?›› ብቻ ይሉኛል። ጤና ነክ ጥያቄ ስጠይቃቸው ሁሉም ነገር ደህና ነው። እግራቸው ግን እያበጠ፣ ጉልበታቸው እየተሳሰረ ሲሄድ አያለሁ፤ መቀመጥ ሰውን እንዴት እንደሚበላ በሥራዬ አውቀዋለሁ።

አልቻልኩም፤ ለሰብሳቢው ነገርኳቸው። ተይ ያሉኝን መጣሴን አውቃለሁ፣ አሁንም አልጸጸትም። መምህሩ ሲሰሙ ፊታቸው ተለዋወጠ። ‹‹ምን አደረግን!›› ብለው ራሳቸውን ያዙ። ሁለት ሽማግሌ ጨምረው፣ እኔንም አስከትለው አባባ ደጅ መጡ። ይቅርታ ጠየቁ። ለእርስዎ ውሻ ብቻ ፈቃድ እንሰጣለን፣ በፊት በሚሄዱበት ሰዓት ይፈታ፣ ማንም አይናገርዎትም አሉ።

አባባ ፈገግ ብለው ሰሙ። ‹‹ገለቶማ›› አሉ፣ አመሰገኑ። ‹‹የኔ ተፈትቶ የጎረቤቴ በገመድ ሲሆን እዚያ ሣር ላይ ተደላድዬ እቀመጣለሁ?››

‹‹እንግዲያው ስብሰባ እንጥራና ሰዓቱን ለሁሉም እንለውጠው›› አሉ መምህሩ።

አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። ‹‹ያን ቀን ተነስተው ያመሰገኗችሁ ወንድሞቼ ምን ይላሉ? ሃጂ ከሶላታችን ውሻውን አስበለጠ ይላሉ። ባይሉም ያስባሉ። እናንተንም ‘ያከበራችሁን ለካ ለአንድ ሰሞን ነው’ ይሏችኋል። መልካም ነገር ሠርታችኋል። አትንኩት።››

መምህሩ ሲወጡ መንገድ ላይ ቆመው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ‹‹ምነው ብንጠይቃቸው ኖሮ›› አሉኝ። አዎ፣ ምነው ብንጠይቃቸው። ለሰው ማሰብ አውቀን ሰውን መጠየቅ የማናውቅ ሰዎች ነን። ይህን ለእሳቸው አላልኳቸውም፤ የሚበቃቸውን ያህል አዝነው ነበር።

እኔም የማልችለውን ሞከርኩ። ለውሾች በተሰጠችው ሰዓት ውሻውን ራሴ ልወስደው አልኩ፤ አብራቸው የምትኖረው ምራታቸው ሰንሰለቱን አስያዘችኝ። ሰንሰለቱን እስከ ጫፉ አስረዝሜ፣ ክንዴን ዘርግቼ ወሰድኩት። ወንዙ ዳር ስደርስ ፈታሁት። ሌሎቹ ውሾች ሲጯጯሁና ሲሯሯጡ እሱ አዲሱ አጥር በር ጋ ሄዶ ወደ መጣንበት መንገድ ፊቱን አዙሮ ተቀመጠ። ብጠራው አይሰማኝም፣ ብለምነው አይሰማኝም። ለብዙ ቀን ደጋግሜ ወሰድኩት፤ ውሃውን አንድ ቀን አልነካውም። ከዚያ ተውኩት።

ጥር ላይ፣ ስንዴው ሁሉ ታጭዶ ሜዳው ገለባ ብቻ ሲሆን፣ ሌላ ሐሳብ መጣልኝ። ‹‹አባባ፣ ውሻው ቢቀር ምናለ? እኔ እወስድዎታለሁ። ወንዙን ያያሉ›› አልኳቸው። ‹‹ያያሉ›› ማለቴን ሰምቼ አፈርኩ፤ እሳቸው አላፈሩብኝም። እምቢ ለማለት ፈልገው ነበር፣ አውቄዋለሁ። ግን የለፋሁት ልፋት አሳዘናቸው መሰለኝ፣ ‹‹እሺ›› አሉ። ይሉኝታ ነበር፤ እኔም ያን ቀን ተጠቀምኩበት።

እጃቸውን ልይዝ አልፈለግኩም፤ ‹‹ራሴ ነኝ የምመጣው›› ያሉኝ ትዝ ብሎኝ ክንዳቸውንም ትከሻቸውንም ተውኩ። ጃንጥላዬን እንደታጠፈ አቀብያቸው ጫፉን ያዙ፣ መያዣውን እኔ ያዝኩ። እንደዚያ ሆነን ወረድን። ጉድጓድ ሲኖር ‹‹ጉድጓድ አለ›› እላለሁ፣ ባጃጅ ሲመጣ ‹‹ይቁሙ›› እላለሁ። በሩ ላይ ጥበቃው ቆሞ በክብር አስገባን። ቦታው አምሯል፤ ችግኙ ጸድቋል፣ ወንበሩ ቀለም ተቀብቷል፣ ሣሩ ተከርክሟል። ይህንን ሁሉ እየነገርኳቸው ሄድን። ‹‹ማሻአላህ፣ ማሻአላህ›› ይላሉ።

ውሃው ጠርዝ ላይ ደርሰን ቆምን። በበጋ ወንዛችን ይከሳል፤ በድንጋዮቹ መሐል ድምፅ ሳያሰማ ነው የሚያልፈው። አባባ ጃንጥላውን ለቀቁና ፊታቸውን ወደ ግራ አዞሩ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ። ጆሯቸውን አቀኑ፤ ቃጭልም የለ፣ የሚንቦጫረቅም የለ። ብዙ ዓመት የወረዱበት ቦታ ላይ ቆመው እንግዳ እንደሆነ ሰው ቆዩ።

‹‹ልጄ›› አሉኝ ቀስ ብለው፣ ‹‹ወንዙ የት ነው?››

‹‹እዚሁ ነው አባባ። እግርዎ ሥር።››

ከዘራቸውን ዘረጉ፤ ጫፉ ውሃውን ነካ። ሲነካ አየሁት። እሳቸውም ነካው ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ እኔን ደስ እንዲለኝ። ከዚያ ከዘራቸውን መልሰው ባዶ እጃቸውን ወደኔ ዘረጉ።

‹‹በይ መልሺኝ›› አሉ።